ውሃ በሌለበት ወንዝ ዛጎል ፍለጋ፦ የተፈጥሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ የሚጀመረው በአባላት ብዛት ነው። እኔም ወጉን አላፈርስም። መስከረም ላይ 41 ተማሪ ተመዘገበ። ጥቅምት ላይ 23 ቀረ። ከእነሱም የሚበዙት እኛ ጋ የመጡት የእግር ኳስ ክበብ ሞልቶባቸው ነው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሰኔ ላይ ስንዘጋ 19 ነበሩ። ለሐሙስ ከሰዓት፣ ለዚያውም ለድሬ ሐሙስ ከሰዓት፣ 19 ትልቅ ቁጥር ነው።

ዕቅዳችን እንደ ሁልጊዜው ችግኝ ተከላ ነበር። ችግኝ እወዳለሁ። ግን አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ያንኑ ችግኝ ተክለን፣ ያችው ፍየል ስትበላው አይተናል። ዕቅዱን ያስቀየረችን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክረምቱን ባሕር ዳር አክስቷ ጋ ከርማ ስትመለስ ከጣና ዳርቻ ያነሳችውን ዛጎል በካልሲ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ከባሕር ነው የመጣው አይደል?»

ከጣና ካነሳሽው ከየት ባሕር ይመጣል፣ አልኳት።

«ታዲያ ሐይቅ ውስጥ ዛጎል ምን ይሠራል?»

ዓመቱን ሙሉ ይህችን ጥያቄ ስንከተል ከረምን።

ዛጎሉ ግማሽ ነው፤ ሌላኛው ክዳኑ ጠፍቷል። መዳፍ አይሞላም። ጀርባው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ቀለም ተላልጧል። ውስጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት መጀመሪያ ብርማ፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይሆናል። ናፍጣ የፈሰሰበት ኩሬ ላይ እንደምናየው ዓይነት። ልጆቹ እየተቀባበሉ ሲያዞሩት የዚያን ቀን ስብሰባ አለቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ዛጎል ታየ» ብቻ ነው የተጻፈው።

መጀመሪያ የተቸገርነው በስም ነው። ዛጎል ስትሉ ለብዙ ሰው የሚመጣለት ያ ነጩ፣ ጥርስ ያለው፣ ለጌጥ የሚታሰረውና ለጠንቋይ የሚጣለው ነው። ያ የባሕር ነው። ቀንድ አውጣ እንዳንለው ደግሞ ቀንድ የለውም፤ ጭንቅላትም የለውም። አንዱ «ሳጥን እንበለው» አለ። ተሳቀበት። በመጨረሻ በእጅ ብልጫ «ባለ ሁለት ክዳን» ተባለ። እኔም በዚህ ዘገባ እንደዚያው እላለሁ።

ባለ ሁለት ክዳን እንዲህ ነው የሚኖረው። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ወለል አሸዋ ውስጥ ግማሽ አካሉን ቀብሮ ይቀመጣል። ምላስ የመሰለች አንዲት እግር አለችው። በእሷ ይቆፍራል፤ ሲቸግረው በእሷ ትንሽ ይንፏቀቃል። በአንድ ቀዳዳ ውሃ ይስባል፣ በሌላው ያስወጣል። በመሃል አልጌውን፣ ባክቴሪያውን፣ ብናኙን ለቅሞ ይበላል። አንድ ትልቅ ባለ ሁለት ክዳን በቀን እስከ 40 ሊትር ውሃ ሊያሳልፍ ይችላል። ሁለት ቢጫ ጀሪካን መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ የድሬ ልጅ ይህ ወዲያው ገባው። የክበቡ ጸሐፊ ወዲያው አሰላች፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ብናረባ በቀን 38 ጀሪካን። እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። እንስሳው የለቀመው ነገር የትም አይሄድም። ከፊሉ በኩስ መልክ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ከባድ ብረት ከሆነ ሥጋውና ክዳኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ተመራማሪዎች የወንዝን ብክለት ከዛጎል የሚያነቡት ለዚህ ነው።

ኅዳር ላይ ደቻቱ ወረድን። የመጣው ሐሳብ ከልጆቹ ነው። «የእኛም ወንዝ አይደል? እስቲ እንፈልግ።» እንደማናገኝ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ወንፊት፣ ባልዲ፣ ማንኪያ ይዘን ሄድን። ወንፊቱን ያመጣው ልጅ እናቱን ሳያስፈቅድ ነበር፤ ማታ የደረሰበትን እዚህ አልጽፍም።

ድሬን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ዓመቱን በአብዛኛው ውሃ የለውም። ሰው ይሻገርበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሲኖትራክ ገብቶ አሸዋ ይጭንበታል። አንድ ክንድ ያህል ቆፈርን። ከላዩ ትኩስ ደረቅ አሸዋ፤ ከሥሩ ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አሸዋ። ያገኘነውን ጸሐፊዋ መዝግባለች፦ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሃይላንድ ኮዳ፣ የበግ አጥንት፣ ቁጥር ስፍር የሌለው የጫት ፌስታል። ሕይወት ካለው ጉንዳንና አንድ ጊንጥ። ጊንጡ ሲወጣ ምርምሩ በዚያው ተበተነ።

በነጋታው የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ጋሼ፣ የት ዋልን ብለው ጠየቁና ፊታቸው ተለወጠ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ያስታውሳሉ። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም። «እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ እዚያ ላይ ይዘንባል» አሉ ጋሼ ወደ ደንገጎ እያመለከቱ። «አሸዋው ላይ ስትቆሙ ጆሯችሁ ተራራው ላይ ይሁን።» ከዚያ በኋላ ደቻቱ የወረድነው ተራራውን ዓይተን፣ ጋሼን አስፈቅደን ብቻ ነው።

ሚያዝያ ላይ ወንዙ አንድ ከሰዓት ሞልቶ ወረደ። በማግስቱ ከቀረው ኩሬ በሃይላንድ ቀድተን መስኮት ላይ አቆምነው። ስንቀዳው ሻይ በወተት ይመስል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ላዩ ጠራ፤ ሥሩ ሦስት ጣት ደለል ተኛ። ኮዳውን ይዘን ተወያየን። ባለ ሁለት ክዳን እዚህ ውስጥ ቢሆን? ስንጥቡ፣ ማለትም የሚተነፍስበትም የሚበላበትም አካሉ፣ በደለል ይደፈናል። ክዳኑን ይገጥማል። ደለሉ እየቆየ ከሄደ ወይ ይታፈናል ወይ ይራባል። ዓሣ ይሸሻል። እሱ አይሸሽም። አሸዋው ራሱ ተነቅሎ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን አልለቀቀኝም። አፍሪካ ውስጥ ወንዝ ሲደርቅ ክዳናቸውን ገጥመው ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ወራት የሚያሳልፉ ዝርያዎች እንዳሉ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። «አቦ ቲቸር፣ እነሱ ከቻሉ ደቻቱ ላይ ለምን አይችሉም?» በራሴ ቃል ተያዝኩ። መልሱን ለማግኘት ወደ ዓሣው መሄድ ነበረብን። የዓመቱ ትልቁ ጨዋታም እዚያ ነው የተገኘው።

ወንዱ ባለ ሁለት ክዳን ዘሩን ውሃው ውስጥ ይለቃል። ሴቷ ከምትስበው ውሃ ጋር ታስገባዋለች። እጮቹ ስንጥቧ ውስጥ ያድጋሉ። አንዲት ሴት እንደ ዝርያዋ ከመቶ ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች እጭ ትለቃለች። እያንዳንዷ እጭ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰች፣ የራሷ ሁለት ክዳን ያላት ነገር ናት። የአብዛኞቹ ዝርያዎች እጭ ብቻዋን መኖር አትችልም። ዓሣ ስንጥብ ወይም ክንፍ ላይ ተለጥፋ ሳምንታት መቆየት አለባት። ዓሣ ካላገኘች በጥቂት ቀን ታልቃለች። ካገኘች ትንሽ ባለ ሁለት ክዳን ሆና ትወርዳለች። የወረደችበት ቦታ ደህና አሸዋ ከሆነ ኑሮ ተጀመረ ማለት ነው።

«ዓሣው ባጃጅ ነዋ!» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። ሌላው ቀጠለ፦ «ሳይከፍሉ ነው ደግሞ።» ከዚያ ወዲህ የክበቡ ቋንቋ ይኸው ሆነ። አንዳንዱ ዝርያ የሚሳፈረው በአንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ ነው። ይህንንም በራሳቸው አባባል «መስመሩን የሚያውቅ ባጃጅ» አሉት። አሜሪካ ወንዞች ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴት ባለ ሁለት ክዳኖች ደግሞ ባጃጁን የሚጠሩበት ዘዴ አላቸው። የሥጋቸውን ጠርዝ ከክዳኑ አውጥተው ያወዛውዙታል። ዓይንና ጭራ ያለው ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ትልቁ ዓሣ ሊውጠው ሲጠጋ እጮቹን ፊቱ ላይ ይረጩበታል። ይህን ስነግራቸው ማንም አላመነኝም። ቪዲዮ ካሳየኋቸው በኋላም ሁለቱ «ኤዲት ነው» ብለው ቀሩ።

ለ10ኛ ክፍሉ ልጅ መልስ ከዚሁ ወጣ። ደቻቱ አንደኛ ጭቃ የለውም፤ አሸዋው በየጎርፉ ይገለበጣል። ሁለተኛ ዓሣ የለውም። ባጃጅ የሌለበት ሰፈር ማን ይደርሳል?

በግንቦቱ የወላጆች ቀን ይህንኑ ድራማ አደረጉት። ሦስት ተማሪ በካርቶን ክዳን ውስጥ፣ አንዱ በሰማያዊ ጨርቅ ዓሣ ሆኖ። ዓሣው እየዋኘ መድረኩን ሁለት ጊዜ ዞረ። እጯ በጀርባው ተለጥፋ ደህና አሸዋ ስታይ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ፈነዳ። ሁለተኛው ትዕይንት ግን ጸጥ አሰኝቷል። ግድብ ተሠርቷል። ዓሣው ከታች ቀርቷል። አሮጊቷ ባለ ሁለት ክዳን ከላይ ቁጭ ብላ «ዘንድሮም ባጃጅ አልመጣም» ትላለች። ይህን ያለችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በየጊዜው አንድ አንድ ዓመት እየቆጠረች። ጽሑፉን የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ያረምኩት ሁለት ፊደል ነው።

ያ ትዕይንት እውነት ነው። ባለ ሁለት ክዳን ዕድሜው ረጅም ነው። በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ወንዞች የሚኖረው ሉል አብቃይ ዝርያ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬ ሲገባ የተወለደ አንዱ ዛሬም ወንዙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ወንዙ ላይ ግድብ ሲሠራ፣ ዳርቻው ሲታረስና ደለል ሲገባ፣ ዓሣው ሲጠፋ አሮጌዎቹ ወዲያው አይሞቱም። የሚያልፍ ሰው አይቶ «አሉ እኮ» ይላል። ልጅ ግን ከወለዱ 30 ወይም 40 ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር በሉት።

በዝርያ ብዛት የታወቀችው ሰሜን አሜሪካ 300 ገደማ ዓይነት ነበራት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ዛሬ አደጋ ላይ ናቸው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት 8ቱን «ጠፍተዋል» ብሎ ከጥበቃ መዝገቡ አወጣ። የጉዳቱ ታሪክ አንዱ ክፍል ቁልፍ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ። በፈረንጆቹ 1891 ከጀርመን የሄደ ቁልፍ ሠሪ አይዋ ግዛት፣ ማስካቲን በምትባል የሚሲሲፒ ዳር ከተማ የዛጎል ቁልፍ መሥራት ጀመረ። በ1905 ከተማዋ በዓመት 1.5 ቢሊዮን ገደማ ቁልፍ ታወጣ ነበር። ዛጎሉን ከወንዙ በጀልባ ይዝቁታል፣ ይቀቅሉታል፣ ክብ ክብ አድርገው ይበሱታል። የተበሳው ዛጎል ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይጣላል። ኋላ ፕላስቲክ መጥቶ ገበያውን ወሰደው።

ይህን ባወራን በሳምንቱ አንዲት ልጅ ከአያቷ ሣጥን የድሮ ኮት ቁልፍ ይዛ መጣች። ከዛጎል የተሠራ መሆኑን መለየት ቀላል ነው። ጉንጭ ላይ ወይም ጥርስ ላይ ያስነኩታል። ዛጎል ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል። ፕላስቲክ ቶሎ ይሞቃል። በድሬ ሙቀት እንኳ የአያቷ ቁልፍ ቀዝቃዛ ነበር። በየተራ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ የራሳቸውን የዩኒፎርም ቁልፍ ሞከሩ። ሁሉም ፕላስቲክ።

ስለ ጥበቃው ብዙ አነበብን፤ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ባለሙያዎቹ ያረገዘች ባለ ሁለት ክዳን ከወንዝ ያነሳሉ። እጮቿን በትንሽ መርፌ አውጥተው ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ ላይ ያሳፍራሉ። ከሳምንታት በኋላ የወረዱትን በወንፊት ለቅመው ያሳድጋሉ። ጠና ሲሉ ክዳናቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ወደ ወንዝ ይመልሷቸዋል። ድልድይ ሊሠራ ሲልም ጠላቂዎች ገብተው አንድ በአንድ በእጅ ለቅመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዷቸዋል። «ደመወዝ ይከፈላቸዋል?» ተብዬ ተጠየቅኩ። አዎ ይከፈላቸዋል። ሁለት ልጆች ያን ቀን ሙያቸውን መረጡ።

አገራችንም የራሷ ዝርያዎች አሏት። አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ ዩኒዮ አቢሲኒከስ ነው። ኤቴሪያ የሚባለው ደግሞ እንደ ዓባይ ባሉ የአፍሪካ ወንዞች ድንጋይ ላይ አንዱን ክዳኑን በራሱ ሲሚንቶ ለጥፎ ይኖራል። ልጆቹ አቢሲኒከስ የሚለውን ስም ሲሰሙ እንዳጨበጨቡ ሳልመዘግብ አላልፍም።

ወደ ጉዟችን ልምጣ። ሐረማያ ሐይቅ ልንሄድ የካቲት ላይ ተዘጋጀን። አውቶቡስ ሊሰጠን ቃል የገባው መሥሪያ ቤት በዕለቱ ጠዋት ስልኩን አላነሳም። ልጆቹ ዳቦና ሻያቸውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ በሉት። መጋቢት ላይ ወላጆች አዋጥተው ሚኒባስ ተከራየን። ድሬ ላይ በቲሸርት የተነሱ ልጆች ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ እየተንቀጠቀጡ ወረዱ። ሹራብ ያዙ ብዬ ነበር። ማን ይሰማል!

ሐረማያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ሐረር ከዚህ ነበር የምትጠጣው። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ለከተማ ተሳበ፣ ከኮረብታው የታጠበው ደለል ሞላው፤ አለቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል። ልጆቹ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ ከለከልኩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች እንዲህ ያለ ዳርቻ ይወዳሉ፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም። ከደረቁ ጭቃ ግን በወንፊት ነፋን። የጤፍ ያህልና የምስር ያህል የሆኑ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ወጡ። ባለ ሁለት ክዳን አላገኘንም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ተከራከሩ። ውሃው ከተመለሰ ባለ ሁለት ክዳን ቢኖርም አብሮ ይመለስ ነበር የሚል ወገን ነበር። ሌላው ወገን አሳፋሪው ሳይኖር በምን ይመጣል አለ። ክርክሩ ደንገጎ ላይ ጀምሮ ድሬ እስክንገባ አላለቀም። እኔ አልገባሁበትም፤ መስማት ይበቃኝ ነበር።

የዓመቱ ምርጥ ቀን ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሳንወጣ ያገኘነው ነው። የድሬ ውሃ «ካልሺየም» እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የማይጋገርበት ቤት የለም። አንዱ ልጅ ከቤታቸው ማንቆርቆሪያ ፍቆ አመጣ። ከጣናው ዛጎል ጠርዝ የተሰበረች ቁራጭ ነበረችን። ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ አድርገን አቼቶ አፈሰስንባቸው። ሁለቱም እኩል ተንጫጩ፤ ጥቃቅን አረፋ እየለቀቁ። ያው አንድ ነገር ናቸው፣ ካልሺየም ካርቦኔት። የ10ኛ ክፍሉ ልጅ ብርጭቆዎቹን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «ስለዚህ ድሬ የቤት መሥሪያው አለ፣ ቦታው ነው የሌለው» አለ።

ቀጥለው አቼቶውን ያገኙት ነገር ሁሉ ላይ ማንጠባጠብ ጀመሩ። ጠመኔ፣ የዕንቁላል ቅርፊት፣ የግቢው አጥር ድንጋይ። የአጥሩ ድንጋይም ተንጫጨ። አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ ስታይ ጮኸች። ድንጋዩ ውስጥ የጥፍር ያህል፣ የተሸነሸነ ቀሚስ የመሰለ የባለ ሁለት ክዳን ቅርጽ አለ። ለዓመታት የተደገፍንበት አጥር ነው። በሐረርና በድሬ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የተጋገረ ነው። ጊዜው ጁራሲክ ይባላል፤ ካበቃ 145 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። የዝናብ ውሃ ያንን ድንጋይ እያሟሟ ከመሬት ሥር ይወርዳል። እኛ ቀድተን እናፈላዋለን። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ከዚያ የመጣ ነው።

ዛጎሉን ያመጣችው ልጅ «መጀመሪያ ከባሕር ነው ያልኩት ትክክል ነበርኩ ማለት ነው» አለች። የጣናው አይደለም፣ የአጥሩ ነው አልኳት። «ያው አንዱ ትክክል ነው» አለች። ነጥብ ሰጠኋት።

ሂሳባችን ይኸውና። ከወላጆች ቀን ሻይ ሽያጭ 1,860 ብር ገባ። ለአቼቶ፣ ለካርቶን፣ ለቀለምና ለሚኒባሱ መሙያ 1,515 ወጣ። 345 ብር ጸሐፊዋ ጋ ነው። ወንፊቱ ለባለቤቷ ተመልሷል፤ ይቅርታም ተጠይቋል። የጣናው ዛጎል ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በዚያው ካልሲ እንደተጠቀለለ አለ። ባለቤቷ ክረምት አክስቷ ጋ ስትሄድ ሌላኛውን ክዳን ልትፈልግ ነው። የአጥሩን ድንጋይ በሚስማር የምትቆረቁሩ የ7ኛ ክፍል ልጆች ተዉ። የክበቡን ማጉያ መነጽር የወሰደው ደግሞ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው።